ለቅሶ ያልደረሰው ኢሜይል

አቶ ልዑልሰገድ ሆቴል ከፈቱ፤ አዲስ የኢሜይል አድራሻም አወጡ። በዚያው ዕለት ለሚያውቁትም ለማያውቁትም የምረቃ ጥሪ ላኩበት። ጥቂቶች «እንኳን ደስ አለዎት» ብለው ቢጽፉላቸው ለአንዱም አልመለሱም። የቀረው ጥሪ አይፈለጌ መልእክት ተብሎ ተጣለ። በምረቃው ቀን ድንኳኑ ባዶውን ዋለ።

በማግስቱ ጸሐፊያቸውን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሟት።

«ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ወይስ ያንቺ?»

ጨነቃት። «የእኔ» ብትል ከሥራ መባረሯ ነው፤ «የእርስዎ» ብትልም ያው ነው። ጥቂት አሰበችና አንገቷን ደፋ አደረገች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የአድራሻው ነው። ትናንት ሰፈር ገብቶ፣ የማንንም ለቅሶ ሳይደርስ፣ አገሩን ሁሉ ለድግስ ጠራ። ማን ብሎ ይምጣለት?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ የሚያውቁትን ጥቂት ሰዎች ደኅና አደራችሁ ይበል። ሰላም ላሉትም ይመልስ። እየዋለ እያደረ ይለመዳል። እርስዎማ ጨዋ ነዎት፤ እሱ ነው እንጂ አሳዳጊ የበደለው።»

አቶ ልዑልሰገድ «እውነቷን ነው» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ ወደየሥራው መለሱ። አሳዳጊው ማን እንደሆነ የገባቸው ቢሯቸው ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ብቻቸውን ሳቁና፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ላላቸው ለመጀመሪያው ሰው መልስ መጻፍ ጀመሩ።