ማዶ የተሠራው ትልቅ ቤት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከተማ ቆርቁረው በሸንጎ በሚተዳደሩበት ዘመን፣ ግራር በር በምትባል ሸለቆ አንዲት ቀበሮ ትኖር ነበር። እመት ቀበሮ ይሏታል። ብልህ ነበረች፤ ብልህ መሆኗንም ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ ነበረች። ጉድጓዷ ከተረተሩ ላይ ስለሆነ ጎርፍ አይደርስበትም። ሁለት በር አለው፤ ጠላት በአንዱ ቢመጣባት በሌላው ትወጣለች። በሸንጎ የምትቀመጠው ከሰብሳቢው ከአያ አንበሶ በስተቀኝ ነው። ክርክር ሲከርር አያ አንበሶ ዞር ብሎ ምክር የሚጠይቀው እሷን ነበር። ይህም እንደ ምግብ ያጠግባት ነበር።

ሌሎቹ የሸንጎው አባላት ከጆሮው ይልቅ ሆዱ የሚቀድምበት አያ ጅቦ፣ በትንሽ በትልቁ የምትደነግጠው እመት ሽኮኮ፣ ብዙ የማትናገረው እመት አህዪት ነበሩ። የእመት አህዪት መኖሪያ ከወንዙ ዳር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ እየገባባት፣ ከውርንጭላዋ ጋር ቆማ ታድራለች። እንደ እሷ ያሉ ቤት አልባዎች በሸለቆው ሞልተው ነበር።

አንድ በጋ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ አገር አንድ ጃርት መጣና ሸንጎው ፊት ቀረበ። አቧራ የለበሰ፣ አጭር፣ ለዓይን የማይሞላ ነበር። እመት ቀበሮ ስታየው ዳቦ ሊለምን የመጣ መሰላት።

ጃርቱ ግን እጅ ነሥቶ፣ ከጀርባው አንዱን ወስፌ መዘዘና አሸዋው ላይ መሣል ጀመረ።

«ጌቶቼ፣ ይህ ከፊታችን ያለው ኮረብታ ባዶውን ተቀምጧል። እኔ መቆፈር አውቃለሁ፤ ቁፋሮ የሚችሉ ዘመዶችም አሉኝ። ብትፈቅዱልኝ ኮረብታውን ፈልፍለን አንድ ትልቅ ቤት እንሥራ። ከታች ሱቆች ይሆናሉ፤ የድርቆሽ፣ የገብስ፣ የአሞሌ፣ የአጥንት። ከሱቆቹ በላይ ደረቅ መኖሪያ፤ ቤት የሌለው ሁሉ ይገባበታል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለዘንድሮው ክረምት ይደርሳሉ። ከላይ ደግሞ ፀሐይ የሚሞቅበትና ልጆች የሚቦርቁበት ሰፊ መስክ ይኖራል።»

እመት አህዪት ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች። አያ ጅቦ «የአጥንት» የሚለውን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ።

እመት ቀበሮ ግን የምታየው አያ አንበሶን ነበር። አያ አንበሶ ሁልጊዜ ተጋድሞ ነው የሚሰማው። እሷ ስንት ዓመት ስትናገር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አያውቅም። አሁን ግን ተነሥቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ጎፈሩ ሥዕሉን እስኪነካ ድረስ ወደ አሸዋው ጎንበስ ብሏል።

አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደ ፍም ተጫረ።

«አያ ጃርት» አለች ድምጿን አለስልሳ፣ «ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን ከኮረብታው አናት የሚወርደውን የክረምት ውሃ ምን ልታደርገው ነው? ቤቱን ሞልቶ ሕዝቡን ቢጨርስስ?»

«እመት ቀበሮ፣ ይህን የሚጠይቅ ብልህ ሰው ስጠብቅ ነበር» አለ ጃርቱ ፊቱ በርቶ። «እዩት፣ ይህ መስመር የውሃ መውረጃ ነው። ዙሪያውን አልፎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ለወንዝ ዳር ነዋሪዎችም ጎርፉ ይቀንስላቸዋል።»

«አየሽ!» አለ አያ አንበሶ ወደ እሷ ዞሮ። «ሁሉንም አስቦበታል። ይህን የመሰለ ሐሳብ እዚህ ሸንጎ ላይ ሰምቼ አላውቅም።»

ሰምቼ አላውቅም! እመት ቀበሮ ይህን ቃል ከሸንጎው ይዛው ወጣች። በእርግጥ ከመውጣቷ በፊት፣ «ነገሩ ትልቅ ስለሆነ አስበንበት በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ብንሰጥ ይሻላል» ብላ ቀጠሮ አስይዛ ነበር። አያ አንበሶም ተስማምቶላታል። ቤቷ ገብታ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። የጃርቱ ሥዕል በዓይኗ ላይ ተቀምጦ አልሄድ አለ። የከፋው ደግሞ ሥዕሉ ጥሩ መሆኑ ነው። ጉድለት ቢኖረው ትስቅበት ነበር። ምን አድርጎኝ ነው ብላ ራሷን ጠየቀች። ምንም አላደረጋትም። ምንም ስላላደረጋት ይበልጥ ጠላችው።

በማግስቱ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ እንኳን ደስ አለህ እንዳልልህ አፍ የለኝም» አለችው አንገቷን ደፍታ። «የአጥንቱን ሱቅ ለእመት አህዪት ሊሰጧት ነው አሉ።»

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። «አህያ አጥንት ትበላለች እንዴ?»

«አትበላም።»

«ታዲያ ምን ያደርግላታል?»

«እኮ! አትበላማ። አንተ እንዳትበላ ቆልፋ ልትቀመጥበት ነዋ።»

«አረ በሕግ!» ብሎ አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ። «ቆልፋ! እንግዲህ እኔ እያለሁ ይህ ቤት አይሠራም!»

ከዚያ ወደ እመት ሽኮኮ ወጣች። እመት ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ሆና ከልጆቿ ጋር ፀሐይ ትሞቃለች።

«ሙቂ እህቴ፣ ሙቂ» አለቻት ቀበሮ ተክዛ። «ያ ቤት ከቆመ እንግዲህ ፀሐይን የምታዪያት በወሬ ነው። ጥላው እዚህ ድረስ ይመጣል።»

ቤቱ ኮረብታው ውስጥ የሚፈለፈል እንጂ ከኮረብታው በላይ የሚቆም አልነበረም። እመት ሽኮኮ ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም፤ ወዲያው ልጆቿን ሰብስባ ማልቀስ ጀመረች።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ጃርቱ ራሱ እመት ቀበሮ ደጅ መጣ። ትንሽ የጫካ ማር በቅጠል ጠቅልሎ ይዟል።

«ስለዚያ ስለ ውሃው ጥያቄ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁ» አለ። «ከጥያቄዎ በኋላ መውረጃውን አሰፋሁት። ደግሞ… ቢቀበሉኝ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን ቤት ለእርስዎ ብዬዋለሁ። እዚህም ሁለት በር እንዳለዎት ሰምቼ፣ እሱንም ባለ ሁለት በር አድርጌዋለሁ።»

እመት ቀበሮ ማሩን አየችው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር፣ ወደ አያ ጅቦ ተመልሳ «ተሳስቼ ነው» ብትል ነገሩ ይስተካከል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶም ነበር። ግን ጃርቱ ሊሄድ ሲል ዞሮ፣ «አያ አንበሶማ ዛሬ ጠዋት ሥዕሉን እንደገና አሣለኝ፤ ሲያየው አይጠግብም» አላት።

ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

«መልካም ዕድል» አለችው።

የግራር በር ሸንጎ ድምፅ የሚሰጠው ጅራት በማንሣት ነው፤ ሰብሳቢው ራሱ ድምፅ አይሰጥም። ጅራት የሌላት እመት ሽኮኮ እግሯን ታነሣለች። በዚያ ቀን ሸለቆው ሁሉ ወጥቶ ከብቦ ነበር።

«ቤቱ ይሠራ የምትሉ!» አለ አያ አንበሶ።

እመት አህዪት ብቻ ጅራቷን አነሣች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያም ብዙ የማትናገረው አህያ ተናገረች፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ስለ ሱቁ አይደለም። ክረምቱ ደርሷል፤ ልጄን የማስተኛበት ደረቅ መሬት ነው የምፈልገው።»

«አይሠራ የምትሉ!»

የአያ ጅቦ ጅራት ወደ ላይ ተተኮሰች። እመት ሽኮኮም እግሯን አነሣች። ሁለት ለአንድ ሆኖ ሐሳቡ ወደቀ።

እመት ቀበሮ ከሁለቱም ጋር አላነሣችም። ጅራቷን እግሮቿ ላይ ጠቅልላ፣ እንዳዘነ ሰው ዓይኗን ሰበረች። ስለዚህ ማንም አልጠረጠራት። ጃርቱ እንኳ ሥዕሉን በእግሩ አጥፍቶ ሲሄድ፣ «እርስዎ አልጠሉትም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው» ብሏት ነበር።

ጃርቱ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። የማዶ እንስሳትም ኮረብታ ነበራቸው፤ ሐሳቡን ሲሰሙ ፈቀዱለት። ቁፋሮውን በዚያው ሰሞን ጀመረ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ወንዙ ሞላ። እመት ቀበሮ በደረቁ ቤቷ በር ላይ ቆማ ሳለች ከታች የአህያ ጩኸት ሰማች። የማን እንደሆነ አውቃለች። «አጠገቧ ያሉት ይደርሱላታል» አለች ለራሷ። ጩኸቱ አላቋረጠም። መጨረሻ ላይ እግሯ ራሱ ይዟት ወረደ።

የወንዙ ዳር ተንዶ ውርንጭላዋ ላይ ወድቋል። እመት አህዪት የልጇን ማጅራት በጥርሷ ይዛ፣ ውሃው እንዳይወስደው ትታገላለች። እመት ቀበሮ መቆፈር ጀመረች። ጥፍሮቿ እስኪደሙ ቆፈረች። ውርንጭላው በሕይወት ወጣ፤ የኋላ እግሩ ግን ተሰብሮ ነበር፤ ሲድንም ተጣሞ ቀረ።

«እህቴ» አለቻት እመት አህዪት ጭቃ እንደ ለበሰች፣ «ይህን ውለታሽን እስክሞት አልረሳውም።»

እመት ቀበሮ ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ ይህ ምስጋና ከበዳት። ፊቷን አዙራ ሽቅብ ወጣች።

ዝናቡ ሲያባራ እመት አህዪት ልጇን ይዛ ማዶ፣ ቁፋሯቸው ወዳለቀው ክፍሎች ተሻገረች። የወንዝ ዳር ነዋሪዎችም ተከተሏት። የማዶው ቤት ሲጠናቀቅ ገበያው ወደዚያ ሄደ። እመት ሽኮኮ ፀሐይ መሞቂያው ሰፊ ነው ሲሏት ልጆቿን ሰብስባ ሄደች። አያ ጅቦ የአጥንት ሱቅ ከፈተ፤ ከሚሸጠው የሚበላው ቢበልጥም ከፈተ። በመጨረሻ አያ አንበሶ ራሱ፣ «የማንን ሸንጎ ልምራ? እንደ ማንኛውም ነዋሪ ብኖር ይሻለኛል» ብሎ ጎፈሩን አራግፎ ተሻገረ።

እመት ቀበሮ ማንም ምንም አልወሰደባትም። ቤቷ ያው ደረቅ ነው። ማለዳ በበሯ ላይ ስትቆም ግን የማዶው ገበያ ጫጫታ፣ የልጆቹ ሩጫና ሳቅ ይመጣባታል። ስትሰማው ያማታል፤ ነፋሱ ዞሮ ሳትሰማው ስትውል ደግሞ ይብስባታል። ብልህ ነገር ስታስብ የምትነግረው አጣች።

አንድ ቀን ወንዙን ተሻገረችና ቤት እንዲሰጣት አመለከተች።

የማዶ ነዋሪዎች እንግዳ የሚቀበሉት በሸንጎ ነው። ሰብሳቢዋን ስታይ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነዋሪዎቹ የመረጧት እመት አህዪት ነበረች።

«እመት ቀበሮ» አለች አህያይቱ ሳትቆጣ። «አያ ጅቦ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ አጥንት ልቆልፍበት እንደነበር ለገበያተኛው ሁሉ እየሳቀ አውርቷል። ማን እንደነገረውም አልደበቀም። እመት ሽኮኮም የነገርሻትን ነግራናለች። ልጄን ቆፍረሽ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። እዚያ ውሃ ውስጥ ያስቀረሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ምን አድርጌሽ ነበር?»

እመት ቀበሮ የሚሆን መልስ ፈለገች። መልስ አጥታ አታውቅም፤ አሁንም ብዙ መጣላት፦ ተሳስቼ ነው፣ አያ ጅቦ በትክክል ሰምቶኝ አይደለም፣ ለከተማው ብዬ ነው። ጃርቱ ከጥግ ቆሞ ያያታል። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነው።

«ምንም አላደረግሽኝም» አለች በመጨረሻ። «አንቺንማ አላሰብኩሽም። አያ አንበሶ እሱን ሲሰማ ተነሥቶ ጎንበስ አለ። ለእኔ ተነሥቶ አያውቅም። ይኸው ነው።»

አያ አንበሶ ከነዋሪዎቹ መሀል ሆኖ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ለዚህ?» አለች እመት አህዪት።

«ለዚህ።»

አህያይቱ ቀና ብላ ወደ ላይኞቹ ቤቶች አየች። ከዚያም፣ «ከላይ ያለው ባለ ሁለት በሩ ቤት ተይዟል» አለች። «ከታች፣ ከአያ ጅቦ ሱቅ ጎን አንዲት ክፍል አለች። አጥንት ሲቆረጥም ይሰማል፤ ሽታውም አይጣል ነው። ብትፈልጊ ግቢ። ይቅር ማለቱን ግን ገና አልቻልኩም፤ ስችል እነግርሻለሁ።»

እመት ቀበሮ እጅ ነሥታ ገባች።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃት ብንል ውሸት ይሆናል። ጃርቱ አዲስ ነገር ሠርቶ ሕዝቡ ባደነቀው ቁጥር ያ ፍም ደረቷ ውስጥ ይጫራል። ያን ጊዜ ወደ ወንዙ ወርዳ ብቻዋን ትመላለሳለች። ሲበርድላት ተመልሳ፣ «አያ ጃርት፣ ጥሩ ሠርተሃል» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ይህን እስክትል ድረስ ብዙ ትመላለስ ነበር። እየቆየ ግን ትንሽ ትንሽ ቀለላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው የተሰጠ ምስጋና ከእኛ የተቀማ እየመሰለን መልካም ሥራን ብናሰናክል፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በቀናንበት ላይ ሳይሆን ምንም ባላደረጉንና መጠጊያ በሌላቸው ላይ መሆኑን ነው።