«ና» የሚለው ጉልላት

አንድ ሰው ነበረ፤ የገዛ ቤቱ የሚጠራው።

እንባ ለምን ሰውን አያሳርፍም ብለህ ጠይቀኸኛል፤ አልረሳሁም፤ ታገሠኝ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ጉም በማይለቀው ተዳፋት ሥር ይኖራል። ቤቱን የሠራው አባቱ ነበር። አባትየው ጭስ ዓይኑን ስለሚያቃጥለው በሣር ክዳኑ ጫፍ ላይ፥ ምሰሶው አጠገብ፥ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተወ። ዝናብ እንዳይገባበት ደግሞ በሦስት አጫጭር እንጨቶች ላይ ትልቅ የሸክላ ጉልላት ደፋበት። ጭሱ በጉልላቱ ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ ዝናቡ በጉልላቱ ጀርባ ወርዶ በክዳኑ ላይ ይፈሳል። የብልህ ሰው ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንድ ሰው መሰላል አስደግፎ ወጥቶ ጥቀርሻውን መጥረግ፥ የላላውን ሣር ማጥበቅ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለም? አባትየው እስኪያረጅ ድረስ ይህን የሚያደርገው ራሱ ነበር።

ባረጀ ጊዜ ልጁን ጠራና «ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዘንድሮ አንተ ውጣልኝ» አለው።

«እሺ፥ ነገ» አለ ልጁ።

ነገ ገበያ ሆነ። ከነገ ወዲያ ሠርግ ሆነ። «እሺ፥ ነገ» የምትባለዋን ቃል አንተም በደንብ ታውቃታለህ፤ ለሚናገራት ሰው ማር ናት። ሰማዩ እየጠቆረ ሲመጣ ሽማግሌው ማንንም ሳያስቸግር መሰላሉን አስደገፈ፥ ወጣ፥ ወደቀ። ልጁ ከሠርጉ ሲመለስ አባቱን ከግድግዳው ሥር ወድቆ አገኘው። ሬሳው ቀዝቅዞ ነበር።

ሰውየው አባቱን ይወድ ነበር፤ ይህን አትጠራጠር። ጠጉሩን ተላጨ፥ ደረቱን ደቃ፥ ተዝካሩን ሳያጓድል አወጣ። መሰላሉን ግን ጓሮ ወርውሮ አረም እንዲውጠው ተወው። «አባቴ የሞተበት ላይ እግሬን አላነሣም» አለ። ጎረቤቶቹም «እውነቱን ነው» አሉት። ጎረቤት መቼም ከሐዘንተኛ ጋር አይከራከርም።

ዓመቱ ዞሮ ክረምት ገባ። አንድ ቀን በቀትር ጉሙ ወርዶ ደጁን ሸፈነው። ሰውየው ገመድ ይገምድ ነበር፤ ሚስቱ እሳቱ ዳር ተቀምጣ ሕፃን ልጃቸውን ታጠባ ነበር። ከጣሪያው ጫፍ ድምፅ መጣ።

«ና...» አለ። ረዘም አድርጎ፥ እንደ ደከመው ሰው ትንፋሽ።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «ሰማሽ?» አላት።

«ነፋስ ነው» አለች። ልጅቷን ግን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ና...» አለ እንደገና።

ሙት ሲጠራ አቤት እንደማይባል በዚያ አገር የማያውቅ የለም። አቤት ያለ ይከተላል ይላሉ። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ።

ከድምፁ በኋላ ጠብታው መጣ። ጠብታው ጥቁር ነበር። ከጣሪያው ተነሥቶ በምሰሶው እየተንሸራተተ ይወርድና አባትየው ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ ጠብ ይላል። ሰውየው ጣቱን አስነክቶ አሸተተው፤ ጭስ ጭስ ይላል። «እንባው ነው» አለ። «ወደ መቃብር እየጠራኝ ያለቅሳል።»

ከዚያ በኋላ ያላደረገው ነገር የለም። ደብተራ አስመጥቶ ክታብ አጻፈና ምሰሶው ላይ አንጠለጠለ፤ በሦስተኛው ቀን የክታቡ ቀለም ታጥቦ ወረደ። ጠበል አስመጥቶ ቤቱን አስረጨ፤ በሚያፈስ ቤት ላይ ውኃ ጨመረበት ማለት ነው። ድምፁ በመጣ ቁጥር መደቡ ሥር ተንበርክኮ «አባቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ አይውሰዱኝ» እያለ ይነፈርቃል። ማልቀስ ደግሞ ይችልበታል፤ ያዩት ሁሉ «እንዲህ አባቱን የሚወድ ልጅ አላየንም» ይሉ ነበር። ጣሪያው ላይ የወጣ ግን የለም።

ጭሱ መውጫ አጥቶ በቤቱ ውስጥ ይዞር ጀመር። መጀመሪያ ከጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ፤ በሁለተኛው ክረምት ወርዶ ከራሳቸው በላይ ተኛ። ቁጭ ያለ ሰው ፊት ይታያል፤ የቆመ ሰው ፊት አይታይም። ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። ሳል ሲይዛት ከንፈሯ እስኪጠቁር አይለቃትም። ሚስትየዋ አንድ ቀን ምሰሶውን በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ጣቷ እንጨቱ ውስጥ ገባ።

ወደ ባሏ ዞረች። «ስማ፥ አባባ ከሞቱ ሁለት ዓመት አለፈ። የሙት ነገር አላውቅም። ይቺ ልጅ ግን በጭስ ታፍና ልትሞትብኝ ነው። ጭሱ ቢምራት እንኳ ጣሪያው ይወድቅባታል። ወይ ውጣ፥ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«እየጠራኝ? እየሰማሽው?»

«የሚልህ ና ነው፤ ሙት አላለህም! ወዴት ና እንዳለህ አንድ ቀን ጠይቀኸዋል?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የሕፃኗ ሳል ቀጥ አለ። እሱም እሷም ትንፋሿን ሊያዳምጡ ጎንበስ አሉ። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አፏን ከፍታለች፤ አየሩ ግን አልገባም። እናቲቱ ነጥቃ ወደ ደጅ ሮጠች። በዚያው ቅጽበት ከላይ «ና...» አለ።

ሰውየው ጓሮ ሄዶ መሰላሉን ከአረሙ ነቀለው።

ጉሙ ከብዶ ነበር። አራት እርከን እንደ ወጣ መሬቱ ከሥሩ ጠፋ። ሚስቱን አያይም፤ የልጁንም ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው ያ ድምፅ ብቻ ነው፤ በወጣ ቁጥር እየቀረበው ይሄዳል። በእርጥቡ ክዳን ላይ በሆዱ እየተሳበ ፊቱ ከጉልላቱ ጋር እኩል ሲሆን ድምፁ ጉንጩ ላይ ተነፈሰበት፤ ቀዝቃዛ ነው፥ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል።

«ና...»

«አቤት» አለ ሰውየው።

አለና እጁን እስከ ትከሻው ድረስ በጉልላቱ ሥር ሰደደ። በጨለማው ውስጥ እጁን ጣቶች ነኩት። ደረቅ፥ ቀጫጭን፥ የተጣመሙ ጣቶች። ጩኸቱን ዋጠና ጨብጦ ሳበ። የመጣው የቅርንጫፍ መጥረጊያ ነበር፤ አባቱ በወደቀ ዕለት ይዞት የወጣው፥ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ የቀረ። ጉልላቱም በዚያ ዕለት ዘንበል ብሎ ኖሮ ዝናብ የሚያስገባው በዚያ በኩል ነው። መጥረጊያው ሲነቀል ጭሱ ታፍኖ እንደ ኖረ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ድምፁ በቃሉ መካከል ተቆረጠ።

ጭሱ ሲገለጥለት ቀዳዳውን አየ። ግማሹ እስከ እንጨቱ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ተጠርጓል። ግማሹ ላይ ጥቀርሻው ጣት ያህል ተቆልሏል። ሽማግሌው ሥራውን እስከ መካከል አድርሶት ነበር።

ሰውየው በዚያው በአባቱ መጥረጊያ የቀረውን ግማሽ ጠረገ። ጉልላቱን አቃናው፥ የበሰበሰውን ሣር ነቅሎ ጣለ። ከታች በጉሙ ውስጥ ሕፃን ስታለቅስ ሰማ፤ ስታስል ሳይሆን ስታለቅስ። ሲወርድ ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር አልነበረውም። ሚስቱ ይነፈርቃል ብላ ጠበቀችው። «ራበኝ» አላት። በማግሥቱ ጎረቤት ጠርቶ ምሰሶውን ለወጠ።

ነፋስ ነበር ወይስ አባቱ ብለህ አትጠይቀኝ፤ አላውቅም፥ አልነበርኩበትም።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ያ ሰው አንተ ነህ። ወንድምህ ልጁን በቀበረ ዕለት መልእክተኛ ላከብህ፤ «ነገ እመጣለሁ» ብለህ ቀረህ። ይኸው ሰባት ዓመት በበደልህ ታለቅሳለህ፥ ትጾማለህ፥ እኔ ዘንድ እየመጣህም ደረትህን ትደቃለህ። እንባህ ሐሰት ነው አልልህም። ነገር ግን በራስህ ምሰሶ ላይ እየወረደ አንተኑ ያበሰብስሃል እንጂ ከወንድምህ ደጅ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ልብህ በጠራህ ቁጥር ቁጣ መስሎህ ትደበቃለህ፤ የሚጠራህ ግን ሳትሠራው የቀረኸው ሥራ ነው። ሰባት ዓመት አለቀስህ፤ ለቅሶ ግን አልደረስህም።

ወንድምህ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ተነሥ፥ ጫማህን አድርግ፤ ወንዙ ሳይሞላ ትሻገራለህ።