ሴትዮዋን አሳንሻት

አንድ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ድርጅት ነበረ። የሸክላ ሻጮች ማኅበር አዲስ የሱቅ ሕንፃ ሊያሠራ ነው ሲባል ሰምቶ ከሌላ ድርጅት ጋር ተወዳደረ። የማኅበሩ ሴቶች ቅዳሜ ተሰብስበው የሁለቱን ብሮሸር አይተው ይመርጣሉ። የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ደርበው ብሮሸሩን ለዕፁብ ሰጧት። ዕፁብ ገና በሙከራ ላይ ያለች ግራፊክ ዲዛይነር ናት። «ይህን ሥራ ካመጣሽልን ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካልሆነ አንቺም እኔም ወደየቤታችን ነን» አሏት።

መቼም በሕንፃ ሥዕል ላይ ሰው የሚጨመረው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዓይን የበሩን ከፍታና የደረጃውን ስፋት የሚለካው ሰው ሲቆምበት ነው። ዕፁብም ከኢንተርኔት የተዘጋጁ የሰው ምስሎችን አውርዳ በሕንፃው ሥዕል ዙሪያ በተነቻቸው፤ አንዱ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ፣ አንዷ ውሻ የምትጎትት ወጣት። አማረላት። ሮጣ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለእትዬ ብርቄ አሳየች።

እትዬ ብርቄ ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት። «ውሻውም ድስት ሊገዛ ነው?» ሲሉ አጠገባቸው ያሉት ሻጮች በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ቤቱስ ያምራል ልጄ። ግን ሌላ ባለቤት ቀድሞን ገብቶበታል» አሉ።

ዕፁብ አፈረች፤ ከእፍረቷ ይልቅ ግን የማወቅ ጉጉቷ በለጠ። ታዲያ የዚህ ቤት ሰው ምን ይመስላል? ካሜራዋን ይዛ ሸክላ ተራ ዋለች። እትዬ ብርቄን ድስትና ጀበና በገመድ ታስሮ ጀርባቸው ላይ እንደተቆለለ ፎቶ አነሳቻቸው፤ ቁመታቸውንም የሸክሙንም ስፋት ለካች። ቢሮ ተመልሳ በልካቸው በሥዕሉ የአዲሱ ሱቅ በር ላይ አቆመቻቸው።

አልገቡም።

ሸክሙ በግራም በቀኝም ከበሩ ተርፎ ግድግዳው ላይ ወጣ። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ለካች። ያው ነው። ጋሽ ደርበውን ጠራች።

«ይሄ ምን ያስጨንቅሻል? ሴትዮዋን አሳንሻት!» አሉ።

«ሥዕላቸውን አሳንሳለሁ ጋሼ። ሸክማቸውን ማን ያሳንስላቸዋል?»

ጋሽ ደርበው ተቆጡ። «ስሚ! የአሁን ሱቃቸውን በር በገዛ ሜትሬ ለክቼ ነው የሳልኩት። ሰባ ሴንቲ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሲገቡበት ማን ጠበበኝ አለ?»

«እሱማ ማንም አላለም። ግን ለምን አላሉም?»

ጋሽ ደርበው «ነይ እስቲ!» ብለው እየተነጫነጩ ይዘዋት ወደ ሸክላ ተራ ወረዱ።

ሲደርሱ እትዬ ብርቄ ሸክማቸውን አዝለው ወደ ሱቃቸው እየመጡ ነበር። «እትዬ፣ በሩ አይጠብዎትም?» አለች ዕፁብ።

«ኧረ ምን ይጠበኛል!» አሉና ዘወር ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጎን ገቡ። አንዱ ድስት መቃኑን ፋቅ አድርጎ አለፈ።

ጋሽ ደርበው መቃኑን አዩት። በትከሻ ከፍታ ላይ እንጨቱ በግራም በቀኝም ተቦርቡሮ የሸክላ ቀይ ቀለም ጠጥቷል። ያኔ ሲለኩ ሜትራቸውን የዘረጉት እዚያው የተቦረቦረው መስመር ላይ ነበር። ቁጥሩን እንጂ መስመሩን አላዩትም።

«ዕፁብ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ ብርቄን እንዳትነኪያቸው። በሩን እኔ አሰፋዋለሁ።»

ቅዳሜ ብሮሸሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽፋኑ ላይ ካፖርትም ውሻም የለም። እትዬ ብርቄ ሙሉ ሸክማቸውን አዝለው በሰፊው በር ይገባሉ። እሳቸው ግን ሥዕሉን አይተው አይተው ግራ ገባቸው።

«እዚህ ላይ በጎን አይደለም እንዴ የምገባው?»

«አይደለም እትዬ። ፊት ለፊት ነው» አለች ዕፁብ።

እትዬ ብርቄ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱት። «እኛኮ በር ማለት በጎን የሚገባበት ይመስለን ነበር» አሉ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ሌላውን ብሮሸር አምጡልን ያለም አልነበረም።

ሥራችን ለሰው አልበቃ ሲል እጃችን ቶሎ የሚሄደው ሰውየውን ወደ ማሳነስ ነው፤ እሱ ይቀላላ! በሩን ማስፋት ግን አስቀድሞ መጠየቅን ይፈልጋል። ሰው ዝም አለ ማለት ተመቸው ማለት አይደለም፤ በጎን መግባት ለምዶ ይሆናል። እስቲ በየቤታችንም በየመሥሪያ ቤታችንም መቃኑን ጠጋ ብለን እንየው፦ በእኛ በር በጎን የሚገባው ማነው?