የውሃ አባቱ ዘንግ

በአንድ ወቅት የሆነ ነው፤ ማውራቱ የኔ፣ ፍርዱ የእናንተ።

አያ ይመኑ የአንዲት መንደር የውሃ አባት ነበሩ፤ ምንጯን የሚጠብቁ፣ የውሃ ጠብ የሚዳኙ። እርጅና ሲጫናቸው የሹመታቸውን ዘንግ ከልጆቻቸው ለአንዱ ሊያወርሱ ፈለጉ። ምንጯ ግን ረክሳ ነበር። ሰዉ ውሃው ከሚፈልቅበት ዓይኗ ላይ ልብስ ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል። በዚያው ዓመት ውሃው ሁለት ሕፃናትን በበሽታ ቀጠፈ፤ አንዷ የራሳቸው የልጅ ልጅ ነበረች። ሲመክሩ ሁሉም «እውነት ነው አባታችን» ይላል፣ በማግስቱ እዚያው ያጥባል። ይሄ አንጀታቸውን አቃጠለው። ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው «ምንጯን ያጠራልኝ ዘንጌን ይውሰድ» አሉ።

ታላቁ ስንሻው መንደሩን ሰበሰበ። «እያንዳንዳችሁ ምንጯን ላለማርከስ ጎረቤታችሁ እየሰማ ቃል ግቡ» አለ። አንድ በአንድ እየተነሱ ማሉ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ይዞ ወደ ምንጯ ዓይን የሚያመራ ሁሉ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ ይመለስ ጀመር።

መካከለኛዋ ትርንጎ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከምንጯ በታች ሰፋፊ ድንጋይ አነጠፈች፣ ለከብቱ ገንዳ ቆፈረች፣ መንገዱን ጠረገች። ወደ ላይ መውጣት ድካም፣ ታች መቅረት ምቾት ሆነ። ሰነፉም ሳይቀር ታች ቀረ።

ትንሹ አላምረው የራሱን ልብስ ተሸክሞ ታች ወረደ። ወንድ ሲያጥብ ያልታየበት አገር ነውና ሳቁበት። እሱ እቴ፣ በየቅዳሜው እየዘፈነ ያጥባል፤ ሲጨርስ በምንጯ ዙሪያ ያለውን ቆሻሻ ይለቅማል። አንድ ጓደኛው መጣ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በኋላ የመንደሩ ጨዋታ ሁሉ እዚያ ሆነ።

ዓመት ሳይሞላ ክረምቱ ከበደ። ጎርፍ የትርንጎን ድንጋይና ገንዳ ጠራርጎ ወሰደው። የስንሻውን መሐላ የሚያነሳ ጠፋ። አላምረውም ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። አያ ይመኑ «በቃ፣ ወደ ቆሻሻው ልንመለስ ነው» ብለው እየፈሩ ወደ ምንጯ ወረዱ።

ውሃው እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የገዛ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ አዩ፤ እንዲህ ጠርቶ ያዩት በልጅነታቸው ነበር። ከታች አንዲት ሴት ጭቃ ላይ ተቀምጣ ታጥባለች።

«ልጄ፣ ድንጋዩ የለ፤ ለምን እዚህ ድረስ ወረድሽ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው ገረማት። «ታዲያ ልብስ ሌላ የት ይታጠባል፣ አያ ይመኑ?»

«ማን አስተማረሽ?»

አሰበች፣ አሰበች። «እንጃ። ድሮም እንዲሁ አልነበር እንዴ?»

የዓመት ነገር «ድሮ» ሆኗል! እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን መክረው ያልገቡበት የሰው ልብ፣ ከልጆቻቸው አንዱ ገብቶበታል፤ በየት በር እንደገባ ግን ሴትዮዋ ራሷም አታውቀውም። ሰው የሚባለው ፍጥረት ደነቃቸው፣ ዕንባቸውም መጣ።

አላምረው ተጠርቶ መጣ። ሦስቱም ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዘንጉ አንድ ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ ላስማለው፣ ላመቻቸችው፣ ወይስ ሠርቶ ላሳየው? ዘንጉ ለማን ይገባል?