በቁሟ የተለቀሰላት

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ «ለእናቴ መልካም አድርጌላት ሳለ ለምን አዘነችብኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ በእሱ ልመልስልህ።

ይህ ሰው ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። «እታለም» ይላታል። እታለምን የጡት ካንሰር ያዛት። ሐኪም ቤት ስትመላለስ ጸጉሯ አለቀ፣ ሰውነቷም መነመነ፤ ጨዋታዋ ግን አልተለያትም። ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ከአላፊ አግዳሚው ጋር ትሳሳቃለች። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ሲላት፣ «እንዳየኸኝ ነው፤ ማበጠሪያ ከመግዛት ተገላገልኩ» ትላለች።

ወንድሟ ግን ባያት ቁጥር ሕመሟ ብቻ ይታየዋል። «አንድ ነገር ሳላደርግላት አትውሰዳት» እያለ ሲጸልይ፣ በከተማው ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የሩጫ ቀን መዘጋጀቱን ሰማ። የእግዜር መልስ ነው ብሎ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስመዘገበ። ለእሷ አልነገራትም፤ ድንገት አይታ ደስ እንዲላት ፈለገ።

ከዚያ ካናቴራ አታሚ ዘንድ ሄደ። በደህናው ጊዜ የተነሣችውን ፎቶ ሰጠና «ይህን ደረቱ ላይ አትምልኝ፤ ከሥሩ ስሟን ጻፍበት» አለው። አታሚው ፎቶውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ያረፈችበትን ቀን ከስሟ ሥር ላድርገው?»

«የምን ማረፍ? ቤቷ አለች» አለ ሰውየው እየሳቀ።

አታሚው ግራ ገባው። «እኔማ እንዲህ ያለ ሥራ የሚመጣልኝ ከለቅሶ ቤት ስለሆነ ነው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሰውየውም ነገሩን አላሰበበትም፤ ደስታው ጆሮውን ደፍኖት ነበር።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ዘመዶቹ የእታለምን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው እየዘፈኑ ሮጡ። ሲጨርሱ «በሉ አሁን ቤቷ ሄደን እናስደስታት» አላቸው። ላብ በላብ ሆነው፣ ከድካም የተነሣ ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ ሰፈሯ ገቡ።

መጀመሪያ ያየቻቸው ከገበያ የምትመለስ ጎረቤቷ ነበረች። በየደረቱ የእታለም ፊት። ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን መታች፤ «ወይኔ እህቴን» ብላ ጮኸች። የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ወጣ። ሰውየው «ኧረ ተዉ፣ አልሞተችም» ቢል ማን ይስማው።

እታለም ውስጥ ጋደም ብላ ነበር። ለቅሶውን ስትሰማ ግድግዳ ይዛ ወጣች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷም የገዛ ፊቷን በያንዳንዱ ደረት ላይ አየችው። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ለካ እኔ ነኝ። ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ፣ ንፍሮ እቀቅል ነበር።»

አንዳንዱ ሳቀ። ወንድሟ ግን የተመለጠ ራሷን በነጠላዋ ስትሸፍን አየ።

ሰው ተበትኖ ብቻቸውን ሲቀሩ እግሯ ሥር ወደቀ። «ደስ ይበልሽ ብዬ ነበር እታለም።»

«አውቃለሁ የኔ ጌታ። ብትጠይቀኝ ግን አብሬያችሁ እወጣ ነበር። መሮጡ ቢያቅተኝ በዝግታ እሄዳለሁ። እኔም እንደ ሰው ካናቴራ ለብሼ።»

ከዚያ ወዲህ ደጇ ላይ አልተቀመጠችም። ሰፈርተኛው ሊያያት ሲመጣ ዓይኑን ይሰብራል፤ አንድ ጊዜ አልቅሶላታልና ጨዋታ አይመጣለትም። እሷም ማውራት ተወች። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ሰውየው እስከ ዛሬ ለጸሎት ሲቆም «ይቅር በለኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም።

ልጄ፣ ያ ሰው አንተን ይመስላል። አንተም እናትህን ሳታማክር ሕመሟን በጉባኤ ፊት አስነግረህ ጸሎት አስደረግህላት። ጸሎቱ መልካም ነው፤ የዚያ ሰው ሩጫም መልካም ነበር። ሕመሙ ግን የእሷ ነው፣ ስሙም የእሷ ነው። እግዚአብሔር እንኳ የሚያስፈልገንን እያወቀ እስክንነግረው ይታገሠናል። አንተ ግን የማታውቀውን ሳትጠይቅ ቸኮልህ።

እናትህ ግን በሕይወት አለች። ሂድ። ላስረዳት ብለህ አትድከም፤ «ምን ላድርግልሽ?» በላትና እስክትመልስልህ ተቀመጥ። «ምንም አታድርግልኝ» ብትልህም፣ ያለችህን እሱኑ አድርግላት።