ያለ ሸክም የተባለው ሽርሽር

አንድ ጊዜ ጨው ስታመላልስ የኖረች ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ድካሙ አጥንቷ ድረስ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ቀበሮ መጣችና «እሜቴ ዳልቻ፣ ነገ ከአያ ጅቦ ጋር ተራራው ጫፍ ወጥተን፣ ሸለቆውን አይተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን። አንቺም ነይ እንጂ! ዕድሜሽን ሙሉ ስትወጪ ስትወርጂ መቼ ቀና ብለሽ አየሽ?» አለቻት።

«ያለ ሸክም?»

«ያለ ሸክም!»

ዳልቻ ደስ አላት። ጠዋት ስትደርስ ግን ስንቅ ተከምሮ ጠበቃት።

«ይሄማ ሸክም አይባልም፣ ስንቅ ነው» አለች ቀበሮ። ዳልቻ ለመከራከርም አቅም አልነበራትም፤ ጀርባዋን ሰጠች።

ሁለቱ ሽቅብ እያንጋጠጡ የጅብራውን ተክልና ጭላዳ ዝንጀሮውን ሲያደንቁ፣ እሷ ከጭነቱ ክብደት አንገቷን ደፍታ ድንጋይ ድንጋዩን እያየች ወጣች። ጅቡ በየጠመዝማዛው ያስቆማታል። «አሳዘንሽኝ እሜቴ፤ እስቲ ትንሽ ላቅልልሽ» ይልና ስንቁን ይበላል። በዚህ ሁኔታ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ስንቁ አልቆ፣ ቀኑም ሊመሽ ተቃርቧል፤ ሸለቆውንም ጉም ውጦታል።

«ይሄን ለማየት ነው የመጣሁት?» አለች ዳልቻ። አልቅሺ አልቅሺ አላት።

ጅቡ ሆዱን አሻሸና አያት። «እኔን ደግሞ ራበኝ» አለ። ቀበሮ ፊቷን አዙራ «እኔ ምንም አላየሁም፤ ጉም ነው» አለች።

ዳልቻ ልሩጥ ብትል እግሯ እሺ አላላትም። «ብላኝ አያ ጅቦ፣ እኔም መሮኛል። ግን መውረጃው በየት በኩል ነበር?»

ጅቡ ግራ አየ፣ ጉም። ቀኝ አየ፣ ጉም። ቀበሮ አንድ እርምጃ ብትራመድ የረገጠችው ድንጋይ ተንከባሎ ገደል ገባ።

«እኛማ ጫፍ ጫፉን ነበር የምናየው» አለች ቀበሮ።

«እኔ ድንጋዩን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ጭራዬን ያዝ፤ በከንፈርህ ግን! ጥርስህ ከነካኝ ገደል ይዤህ ነው የምገባው» አለችው ዳልቻ ጅቡን።

ጅቡ ጭራዋን፣ ቀበሮ የጅቡን ጭራ ይዘው ወረዱ። የት እንደደረሱ ያወቁት የመንደሩ ውሾች ሲከቧቸው ነው። ሁለቱም ጭራ ለቀው ወደ ጉሙ ፈረጠጡ።

ዳልቻ የስንቁን ባዶ ስልቻ ከጀርባዋ አራግፋ ደክሟት ወደቀች። በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጨው እስኪጭኗት ድረስ ጫፉን ከታች ሆና ስታየው ቆየች።

ከዚህ የምንማረው ሸክማችንን የጫንንበት ሰው መንገዱን ከእኛ አብልጦ እንደሚያውቅና ጉም የወረደ ቀን እጁ ላይ መውደቃችን እንደማይቀር ነው።