ዶሮዋና የሥጋ ቤቱ ሚዛን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ ላም የሚገዛበት ዘመን ባይሆንም በረቱ አለ። የሚያንቀላፋ ካለ አሁኑኑ ይውጣልኝ፤ ይህ ነቅቶ ለሚሰማ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በእትዬ አስካለ ግቢ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነበረች። ኩራቷ ከእመቤቷ ይበልጣል። ለበዓል የሚታረዱት አውራ ዶሮዎች ነበሩና «እኔን ማን ይነካኛል?» ትል ነበር። አብረዋት አንድ ውሻና አንድ ሙክት በግ ይኖራሉ። ከአጥሩ ማዶ ሥጋ ቤት አለ፤ ደጃፉ ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ ሚዛን የሥጋን ዋጋ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

የሰፈሩ ልማድ ቅርጫ ነው። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ አንድ በሬ ይጥላል፣ ሥጋውን በመደብ በመደብ ከፍሎ ዕጣ ያወጣል።

መስቀል ደረሰ። ሚዛኑ ሲጥ አለ።

«እመት ዶሮ! የበሬ ሥጋ ዋጋ ወጣ!»

«እሰይ! ይውጣ!» አለች ክንፏን እያራገፈች። «ሥጋ ሲወደድ ማን ያርዳል? ቢላዋ ዝጎ ይቀራል።»

«ቢላዋማ ሥራ አይፈታም፣ እመት ዶሮ።»

ሰፈሩ እንደምንም በሬ ጣለ። ግን አቅም አንሶት ሌላ ሰፈር ጨምሮ ነበርና መደቡ ሁሉ ኮሰሰ። የእትዬ አስካለ ድርሻ በአንድ ሰሃን ገባ። አጥንቱ ተቀቀለ፤ ተመልሶም ተቀቀለ። ውሻው ደጅ ደጁን ሲያይ ሰነበተ።

«ምነው ጎንህ ተጣበቀ፣ አንተ አጥንት ጠባቂ?» ብላ ዶሮ ሳቀችበት።

«ሳቂ። እኔ የሚጣልልኝን አጣሁ፤ እነሱም የሚበሉትን ያጡ ቀን እናያለን» አለና በአጥሩ ቀዳዳ ወጣ። አልተመለሰም።

ገና ደረሰ። ሚዛኑ ሲጥ አለ።

«እመት ዶሮ! የበሬ ሥጋ እንደገና ወጣ!»

«ይውጣ» አለች፤ ድምጿ ግን ቀጠን ብሏል።

«እኛ የቤት ልጆች ነን፤ የበሬ ነገር ምን አገባን?» አላት ሙክቱ ላቱን እያወዛወዘ።

ቅርጫው ሳይሞላ ቀረ። አንዱ «የለኝም» አለ፣ ሌላው በሩን ዘጋ። የእትዬ አስካለ ባል ጋሼ ደምሰው ገመድ ይዞ ወደ ሙክቱ ሄደ። ዶሮ ባልንጀራዋን መልሳ ያየችው ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው አጥሩ ሥር ቆማ ሚዛኑን ትጠይቅ ጀመር።

«ወረደ?»

«አልወረደም።»

«ዛሬስ?»

«አልወረደም።»

«በሞቴ፣ ትንሽ እንኳ?»

«ወጣ እንጂ።»

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። ሚዛኑ ሲጥ አላለም። ዶሮ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልመዝን? ገዥ የለም።»

እየበረረች ወደ ቤት ተመለሰች። ከግድግዳው ወዲያ ባልና ሚስት ያወራሉ።

«በሬው አልተቻለም። በግማ ዋጋውን መጠየቅም ያስፈራል» አለ ጋሼ ደምሰው። «ያቺ ዶሮ አለች አይደል?»

«እንቁላል ጣይ ናት እኮ! ልጆቹ በምን ሊያድጉ ነው?»

«ታዲያ በባዶ አፋቸው ላስፈስካቸው?»

እትዬ አስካለ ዝም አለች። ዶሮ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ጠዋት ከሚዛኑ ሰምታዋለች።

ሮጣ ገለባዋ ላይ ተቀመጠች፤ አማጠች፤ ጣለች። ከዚያ በራፉ ላይ ቆማ ጮኸች፦ «ይኸው! ይኸው! ይኸው!»

እትዬ አስካለ ወጣች። ትኩሱን እንቁላል አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ቀጥላ ዶሮዋን አነሳች።

ከበዓሉ በኋላ እትዬ አስካለ እንደ ልማዷ እንቁላል ልትለቅም ሄዳ እጇን ሰደደች። ገለባ ብቻ። ግቢው ጭር ብሏል፤ የሚጮህ የለም፣ የሚያመሰኳ የለም፣ የሚጭር የለም። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ሚዛኑ ሲጥ አለ።

«ወጣ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ዞር ብላ በግቢው ከእርሷ በፊት ተራ የሚደርሰው ማን እንደቀረ ፈለገች። ማንም አልነበረም።

ስሙኝ፦ የበሬ ዋጋ ሲወጣ ቢላዋ ይወርዳል፤ በሌላው ተራ እሰይ ያለ የራሱን ተራ ያስጠጋል።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልላችሁም፤ ዳቦውን ለልጆቻችሁ ደብቁት።